«አለቀ» የሚለውን ቃል ለሰው ተዉለት

ሰሞኑን እዚሁ አዳማ በአንድ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ የምትሠራ ልጅ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ጂራ (የቡድን ሥራ መከታተያ ሶፍትዌራችን) ላይ ተያያዥ ሥራዎቻችንን በሙሉ በሊንክ ልናስተሳስር ነው። አንዱ ሲያልቅ ሌላውም ራሱ እንዲታደስ አውቶሜሽን እንሠራለታለን። ሁሉንም አውቶማቲክ ብናደርገው ምን ይጎዳናል?» ለእሷ ብቻ በአጭሩ መመለስ እችል ነበር። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለሁላችሁም ልጽፈው ወሰንኩ።

ጊዜው 1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሰዉ ከተማዋን ገና ናዝሬት ነበር የሚላት። ባለ አንድ ፎቅ የጤና ተቋም እየገነባን ነው። የቆርቆሮዋ ሳይት ቢሯችን ግድግዳ ላይ ባር ቻርት ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ መስመር፣ የራሱ ቀለም አለው። ፕላን ስንዘረጋ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ነበር የምንይዘው፤ የናዝሬት ነፋስ ወረቀት አያስቀምጥም። ያ ነፋስ ኋላ ሀብት ሆነ። ዛሬ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚታዩት የሁለቱ ጣቢያዎች ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ባየኋቸው ቁጥር ያ ሳይት ትዝ ይለኛል።

የሶሌታው (የፎቁ ወለል ኮንክሪት) ሙሌት በአንድ መስመር ተይዟል። የፍሳሽ ቧንቧው ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ ነው፤ ሥራውን የያዘው ሌላ ንዑስ ተቋራጭ ስለነበር። በመካከሉ መታጠቢያ ቤቶቹ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እንዲዛወሩ ፕላኑ ተሻሻለ። የቧንቧው ፎርማን ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። አዲሱን ፕላን እንዳዩ ካዛፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) ላይ ወጥተው ለአናጢዎቹም ብረት ለሚያስሩት ፌራዮዎችም «የቧንቧውን ቀዳዳ ሳላስቀምጥ እንዳትሞሉ» ብለው ተናገሩ። እሺ ተባሉ። ግድግዳው ላይ ግን ሁለቱን ሥራዎች የሚያገናኝ አንድም ቀስት አልተሰመረም። ሚክሰሩ ለቅዳሜ ተከራየ፤ ቅዳሜ ሙሌት ላይ የዋሉት ቀን ሠራተኞች ደግሞ እሺ ያሉት ሰዎች አልነበሩም። ማታ የሶሌታው መስመር ተቀለመ። አለቀ ተባለ።

ሰኞ ጠዋት ፎርማኑ ቧንቧቸውን በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። አልጮኹም። ቧንቧውን አስደግፈው ተንበረከኩና ውኃ የጠጣውን ኮንክሪት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ሜትራቸውን ከኮለኑ እየዘረጉ፣ ቀዳዳ መኖር የነበረበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ያከብቡ ጀመር። አንዱን ክብ ሲጨርሱ ፕላኑን መልሰው ያያሉ፤ እንደገና ይለካሉ። በማግስቱ በመሮና በመዶሻ መፈርፈር ተጀመረ፤ ፌሮው እየተቆረጠ መሆኑን ያየው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ አስቆመው። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛ ቀኑ ነው፤ ያኛው ገና ሳይጠና ነው መዶሻ የወረደበት።

በስብሰባው ጥፋቱ የማን ነው ተባለ። «ተናግሬያለሁ» አሉ። «የት ተጽፏል?» ተባሉ። የትም አልተጻፈም። ወጪው ከእሳቸው ክፍያ ላይ ተቆረጠ፤ ሳምንቱ ሳይሞላ መሣሪያቸውን በጆንያ ሸክፈው ሄዱ። ካየኋቸው የቧንቧ ሠራተኞች ሁሉ ሥራቸው የጠራ እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ሳይት አላገኘኋቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሥራዎችን ጥገኝነት በመረብ እየሳሉ ማስላት ያኔም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለውን ስልት የአሜሪካው ኬሚካል አምራች ዱፖንትና አጋሩ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለፋብሪካ ሥራ ጀምረውታል። እኛ ሳይት ላይ አንዲት ቀስት ብትኖር የኚያን ሰው እንጀራ ታተርፍ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ሊንኩን ሳታመነቺ አድርጊው። አንዱ ሥራ ሌላውን «ያግዳል» ብለሽ ስታያይዢ፣ እገዳው በሁለቱም ሥራዎች ገጽ ላይ ይታያል፤ «ተናግሬ ነበር» ብሎ የሚከራከር አይኖርም። ነገር ግን ሊንኩ በራሱ ማንንም አያስቆምም። እገዳው ሳይነሳ ሥራው በቦርዱ (በሥራዎቹ ሰሌዳ) ላይ «አለቀ» ወደሚለው የመጨረሻ ዓምድ ቢጎተት፣ የሚከለክል ደንብ ካላበጀሽለት በቀር ጂራ ዝም ብሎ ይቀበላል። ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በሚባለው የዕቅድ ሶፍትዌር ላይም ተከታዩ ሥራ ቀኑ በእጅ እንዲያዝ ከተደረገ፣ የቀዳሚው መዘግየት አይገፋውም።

አውቶሜሽኑን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። መልእክት ማድረሱን ለማሽኑ ስጡት፤ «አለቀ» እና «ተጀመረ» የሚሉትን ግን ሰው ይናገራቸው። የጂራ ደንብ ምን ሲሆን ይነሳ፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ያድርግ የሚል ነው። አጋጁ ሥራ ሲዘጋ፣ በሚጠብቀው ሥራ ላይ ኮመንት ጽፎ ባለቤቱን በስሙ የሚጠራ ደንብ ዛሬውኑ ሥሩ። የማስረከቢያ ቀን ሲገፋ ለሚጠብቀው ሰው የሚናገርም እንዲሁ። የሚጠብቀውን ሥራ ራሱ «ተጀምሯል» የሚያደርግ ደንብ ግን አልወድም፤ የጀመረው ሰው የለማ!

ንዑስ ሥራዎች ሁሉ ሲዘጉ ዋናውን የሚዘጋ ደንብ ግን እኔም እጠቀማለሁ። ካልኩት ጋር ይጋጫል፤ ሆኖም ሥራው አጭር፣ ሰዎቹም አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ ጉዳት አላየሁበትም። ደግሞ የአንዱ ደንብ ለውጥ ሌላውን ደንብ እንዲያስነሳ የሚፈቅደው ምርጫ ሲጀመር ዝግ ነው፤ ደንቦች እርስ በርስ እየተቀሳቀሱ እንዳይዞሩ። ደንባችሁ አልሠራ ካለ መጀመሪያ ይህን ምርጫና የደንቡን መዝገብ እዩ።

እናንተን ሳይ የሚያሳስበኝ፣ ቦርዱን አይታችሁ ሰውየውን አለመጠየቃችሁ ነው። ጎናችሁ ለተቀመጠ ሰው ቴሌግራም ትልካላችሁ። በሌላ በኩል ከእኛ እጅግ የተሻለ ትጽፋላችሁ፤ እኛ በአፍ የተውነውን እናንተ መዝገብ ላይ ታኖራላችሁ። በዚህ እቀናባችኋለሁ።

ሁሉንም አታያይዙ። «ተዛማጅ» የሚለው ሊንክ ከበዛ ዋናው እገዳ በመሀል ይጠፋል። ሥራ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በሚያልፍበት ጀምሩ፦ ከዲዛይን ወደ ኮድ፣ ከኮድ ወደ ፍተሻ፣ ከፍተሻ ወደ ደንበኛ። ሊንኩ ሲገባም ሁለቱ ባለቤቶች አብረው ይቀመጡ። አንቺ ልጄ፣ ደንቦቹን ከማብራትሽ በፊት ቦርዳችሁን ባየው ደስ ይለኛል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ቢሯችሁ ድረስ እመጣለሁ፤ የፍተሻ ባልደረቦችሽም ይኑሩ።