የጉድጓድ ውሃና የጎረቤት ሞተር

በጋው ሲገፋ እዚህ ደሴ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ጉድጓድ ይበዛሉ። ከደሴ ዝቅ ካለው አገር የመጡትን አራቱን ልመልስ።

«ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብዬ ሽንኩርት አለማለሁ። እኔ ውሃ ብቆጥብ ጎረቤቴ ይስበዋል። ለምን ልሞኝ?»

አብሽር፣ ስሌትህ ልክ ነው። ከአንድ ገበታ ሲበላ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሳይጠግብ ይነሳል። አንተ የተውከውን ውሃ የጎረቤትህ ሽንኩርት ይጠጣዋል። ሁላችሁም ስትሽቀዳደሙ ደግሞ ውሃው ይርቃል፣ የሁላችሁም የነዳጅ ወጪ ይጨምራል። ገደብ የሚያዋጣው በጋራ ሲያዝ ነው።

አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ሸሪዳን የሚባል አካባቢ ገበሬዎች ይህን ሞክረውታል። ራሳቸው መክረው፣ መንግሥት አጽድቆላቸው፣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በ5 ዓመት ውስጥ ማሳው የሚጠጣው መስኖ በጥልቀት ሲለካ ከ55 ኢንች፣ ማለትም ከ140 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ወሰኑ። ዘንድሮ ያልነኩትን ለከርሞ ያሻግራሉ። ምን እንደሚዘራ ያዘዘ የለም። አንዳንዱ ከበቆሎ ወደ ማሽላ ዞረ (ወሎዬ ይህን ለመማር ካንሳስ መሄድ አያስፈልገውም)። ያሰቡት 20 በመቶ ለመቀነስ ነበር፤ ከዚያም በላይ ቀነሱ። ምርት ቢወርድም የፓምፕና የማዳበሪያ ወጪ አብሮ ወረደ። ኪሳቸው የተፈራውን ያህል አልተጎዳም። እዚያ ግን ጉድጓዱ ቆጣሪ አለው። እኛ ጋ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት መቁጠር ይቻላል።

«ሞተሬ ውሃ አልስብ አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ላውርደው?»

በፍጹም! ጭሱ ይገድላል። ከላይ ሆኖ የሚስብ ሞተር ውሃውን የሚያወጣው በአየር ግፊት ነው። እንደ ኮምቦልቻ ከፍ ባለ ቦታ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከ6 ሜትር ብዙ አያልፍም። ከዚያ በታች ሰመርሲብል (ውሃው ውስጥ ጠልቆ ወደ ላይ የሚገፋ) ፓምፕ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ሽሚያው ሲከር መጀመሪያ ከጨዋታ የሚወጣው ጥልቅ ማስቆፈር ያልቻለው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

«የጠብታ መስኖ ብገዛ ውሃ ይተርፋል?»

ለሽንኩርቱ ጥሩ ነው፣ እህቴ። ለጉድጓዱ ግን አልምልም። በቆጠብሽው ውሃ ሌላ ጥማድ ካለማሽበት ምኑ ተረፈ?

«ውሃው ያለው መሬቴ ስር ነው። ማን ይከለክለኛል?»

አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። የወንዝ መስኖ ተራ የሚያከፋፍል የውሃ አባት አለው፤ ጉድጓድ የለውም። ስለዚህ ነገሩን ወደ ቅሬው (ወደ እድሩ) ውሰዱት። መጀመሪያ ግን ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ የየጉድጓዱን ውሃ ርቀት ለኩ። በወር አንዴ፣ በአንድ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ።