ስላጅ ሜታል፦ ስለ ጆሮ፣ ስለ ጊታር ክርና “ደቡብ” ስለሚባለው ስም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ነው። መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ አሜሪካዊ ጓደኛዬ አትላንታ መሀል ማስከሬድ በሚባል አዳራሽ የስላጅ ሜታል ኮንሰርት ጋብዞኛል። “የእኛ የደቡቦች ሙዚቃ ነው” ይለኛል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው 7 ሰዓት ነው። የሮክ ኮንሰርት ገብቼ አላውቅም። ምን ልጠብቅ? ጆሮዬንስ አይጎዳውም?

መልስ፦ ይሂዱ፤ ግን ተዘጋጅተው ይሂዱ። ስላጅ ሜታል ከባድ የሮክ ዓይነት ነው። ስላጅ ማለት ዝቃጭ ነው፤ ጠላ ሲጠለል ከታች የሚቀረውን አተላ ያስቡ። ሙዚቃውም እንደዚያው ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። ምቱ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ይሆናል፤ ዐርፎ የተቀመጠ ሰው የልብ ትርታ ማለት ነው። ከዚያ ሳይታሰብ ፈጥኖ ወደ ፐንክ (ፈጣንና ጥሬ የሮክ ዓይነት) ይገባና ተመልሶ ይከብዳል። ድምፃዊው ይጮኻል እንጂ አያዜምም፤ ግጥሙ ካልተሰማዎት ችግሩ የእርስዎ እንግሊዝኛ አይደለም። በዘፈኖች መሀል የሚሰማው ረጅም ሲሲታም የመሣሪያ ብልሽት እንዳይመስልዎ። ጊታሩ ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ መልሶ ሲቀበል የሚፈጠር ነው፤ ተጫዋቾቹም ሆን ብለው ያቆዩታል።

7 ሰዓት የተባለው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ብዙውን ጊዜ በር የሚከፈትበት እንጂ ሙዚቃው የሚጀመርበት ሰዓት አይደለም። መጀመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ባንዶች እያንዳንዳቸው ለ30 ወይም 40 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ በመካከሉ ዕቃ ለመቀያየር እስከ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ዋናው ባንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት ካልወጣ አይገረሙ። አዳራሹ ከ2016 ጀምሮ ያለው አንደርግራውንድ አትላንታ ውስጥ ነው፤ የውስጥ ክፍሎቹ ገነት፣ ሲኦልና መንጽሔ የሚሉ ስሞች ስላሏቸው ትኬቱ ላይ የትኛው እንደሆነ ይዩ። ከኢንዲያን ክሪክ ጣቢያ በሰማያዊው መስመር ፋይቭ ፖይንትስ ይወርዳሉ። የመጨረሻውን ባቡር ሰዓት ግን ከቤት ሳይወጡ ያጣሩ፤ ኮንሰርቱ ሲያልቅ ስልክዎ ባትሪ ላይኖረው ይችላል። መታወቂያ ይያዙ፤ ሽፍን ጫማ ያድርጉ።

አሁን ወደ ጆሮ። እዚህ ላይ ችላ ማለት አይገባም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መለኪያ እንዲህ ይላል፦ በ85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኮንሰርት በቀላሉ 100ን ያልፋል። ስለዚህ ከፋርማሲ የስፖንጅ መድፈኛ ይግዙ። ማሸጊያው ላይ 33 ተብሎ ከተጻፈ ሙሉውን 33 አይጠብቁ፤ ከቁጥሩ 7 ይቀነስና ቀሪው ለሁለት ይካፈላል፤ ወደ 13 ዴሲቤል ገደማ ነው የሚያገኙት። በ106 ዴሲቤል አዳራሽ ውስጥ ወደ 93 ያወርድልዎታል፤ ይኸም አንድ ሰዓት ከጥቂት ነው። ስለዚህ ባንድ ሲቀያየር ወደ ውጭ ወጥተው ጆሮዎን ያሳርፉ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አገባቡ ላይ ነው። መድፈኛውን በንጹሕ ጣት አንከባለው ቀጭን ያድርጉት፤ በሌላው እጅ ከራስዎ በላይ አሻግረው ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይጎትቱ፤ ያስገቡትና እስኪሰፋ ለ30 ሴኮንድ ይዘው ይቆዩ። የገዛ ድምፅዎ ወፍሮ ከተሰማዎ በደንብ ገብቷል። ጥጥ ይህን አይተካም። ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ጆሮዎ ጭው ካለና በማግሥቱም ካልተወዎ ሐኪም ይዩ።

የት ልቁም ካሉ፣ ድምፅ የሚያቀናብረው ባለሙያ ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ፤ ሙዚቃው የሚመጣጠነው እሱ በሚሰማበት ቦታ ነው። ከሞንታርቦው ፊት ለፊት መቆም ለጆሮ ጥፋት ነው። የአዳራሹ ጥግ ላይ ደግሞ ቤዙ ይከማችና ሌላውን ይውጠዋል። ሰዎች መሀል ላይ ከተጋፉ፣ ምቱ የፈጠነበት ቦታ ስለሆነ ነው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ይበቃል። የወደቀ ሰው ካዩ ያንሱት፤ እዚያ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው። ያንን ከባድ ድምፅ ለማውጣት የጊታሬን ክር ሳላላው ይንኮሻኮሻል፣ ቅኝቱም አይጸናም። ጊታሩ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ክሩ ነው። መደበኛው ወፍራም ክር 0.046 ኢንች ውፍረት አለው፤ የተሠራውም በሴኮንድ 82 ጊዜ ለሚርገበገበው ኢ (E) ለሚባለው ኖታ ነው። ወደ ቢ ሲያወርዱት 62 ይሆናል። ውጥረቱ የሚቀንሰው ግን በርግብግቡ ካሬ ስለሆነ ከመጀመሪያው 56 በመቶው ብቻ ይቀራል። የላላ ክር በሰፊው እየተወዛወዘ ፍሬቶቹን ይመታል፤ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ደግሞ ድምፁ ለአፍታ ሽቅብ ይወጣል። ለቢ 0.060 ወይም 0.062፣ ለሲ ደግሞ 0.056 ወይም 0.058 የሚጀምር ስብስብ ይግዙ። ክሩን ከቀየሩ በኋላ በአንገቱ ጫፍ ያለው መቀመጫ ይጠብበት እንደሆነ ይዩ፤ ከጠበበው በቀጭን ሞረድ ያስፉት። አንገቱ ከጎበጠ በውስጡ ያለውን ብረት በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩ። በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው የመቱት ድምፅ ከባዶው ክር ጋር በኦክታቭ እስኪስማማ ድረስ የድልድዩን ብሎን ያስተካክሉ። ዲስቶርሽኑን (ድምፁን የሚያሻክረውን) እስከ ጫፍ አይክፈቱ፤ ኮርዱ ይጨፈለቃል።

ወደ ታች የመቃኘቱ ልማድ ራሱ ከፋብሪካ አደጋ ጋር ይያያዛል። የሄቪ ሜታል ባንዱ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በእንግሊዝ በርሚንግሃም የብረት ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦበት ነበር። የላላ ክር ለጣቱ ስለሚቀለው ኋላ ላይ ቅኝቱን አወረደ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ይማራል፤ እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይወዳል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ከደቡብ ሮክ ጋር የኮንፌደሬሽን ባንዲራ አየሁ። የአንዱ ባንድ ስም ደግሞ እግዚአብሔርን የሚሳደብ ነው። ጥቁር ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ እናታችን፣ ሥጋትዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ባንዲራ ከ1861 እስከ 1865 ባርነትን ለማስቀጠል የተዋጋው ጦር ባንዲራ ነው። በ1970ዎቹ አንዳንድ የደቡብ ሮክ ባንዶች የመድረክ ጌጥ አደረጉት። በሰኔ 2015 ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ምእመናን ከተገደሉ በኋላ፣ በሐምሌ ደቡብ ካሮላይና ከምክር ቤቱ ግቢ አወረደችው። ሚሲሲፒ ከሰንደቅ ዓላማዋ ያነሣችው በ2020 ነው። ለልጅዎ የሚነግሩት ይህን ነው፦ ትኬት ከመግዛቱ በፊት የባንዱን ፖስተርና ቲሸርት ይይ። ባንዲራው ካለበት አይሂድ፤ የሚያጣው ነገር የለም። ከሄደ ከጓደኛ ጋር ይሂድ፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር ካየ ለበረኛው ይናገር።

ስለ ስሙ፣ አይሄትጎድን ማለትዎ ከሆነ፣ ስሙ እንደሚሰማው “እግዚአብሔርን እጠላለሁ” ማለት ነው፤ ለማለስለስ አንሞክርም። የኒው ኦርሊንስ ባንድ ነው፤ በ1988 ተመሠረተ። የዚህ ሙዚቃ ግጥሞች በአብዛኛው ስለ ሱስ፣ ስለ ድህነትና ስለ ሐዘን ናቸው። ስሙ የሚከብደው ሰው ክሮውባርን ይስማ፤ ከዚያችው ከተማ ነው። ልጅዎ ካለበት ከሳቫና ደግሞ ካይሌሳ፣ ባሮነስና ብላክ ተስክ አሉ።

“ጥቁር ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል?” ላሉት ግን መልሳችን ጠንካራ ነው፤ የሙዚቃው ሥር የጥቁሮች ነው። ብሉዝ የተወለደው በሚሲሲፒና በአካባቢው የጥጥ እርሻዎች ነው። ብላክ ሳባዝ በ1968 ሲጀምር የብሉዝ ባንድ ነበር። ያ ድምፅ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ከብዶ፣ በሸክላ ተመልሶ መጣ። የኒው ኦርሊንስ ልጆች ያንን ከፐንክ ጋር አደባለቁት። በዚያችው ከተማ የቀብር ማርሽ ባንድ ወደ መቃብር ሲሄድ በዝግታ ያዝናል፤ ሲመለስ ግን ፈጥኖ ያስጨፍራል። ስላጅ ከዚያ ተወሰደ አንልም። ሁለቱንም የሰማ ግን ዝግታው ለምን በዚያች ከተማ እንግዳ እንዳልሆነ ይገባዋል።

ሁሉም ከደቡብ የመጣ እንዳይመስልዎ፤ መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ሜልቪንስ ከሰሜን ምዕራቧ ዋሽንግተን ግዛት ነው። ደቡባዊ ያደረገው ቦታው ነው። ኒው ኦርሊንስ ግማሽ ያህሏ ከባሕር ወለል በታች የተቀመጠች፣ በበጋ የምታፍን ከተማ ናት። ነሐሴ 29 ቀን 2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ግድቦቿ ተሰብረው 80 በመቶዋ በውኃ ተጥለቀለቀ። የዚያች ከተማ ሙዚቀኞች ዳውን በሚባለው ባንድ በ1995 ያወጡትን የመጀመሪያ አልበም በከተማዋና በግዛቷ በሉዊዚያና ምሕጻረ ቃል ኖላ ብለው ጠርተውታል። “ደቡብ” አላሉትም።

ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ ልንረዳው ይገባል። “ደቡብ” አቅጣጫ ነው፤ ከሌላ ቦታ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚመች ስም ነው። በአገራችን በአንድ “ደቡብ” ስም ይጠራ የነበረው ክልል ዛሬ አራት ክልሎች ሆኗል፤ ከውስጡ ያለ ሰው ራሱን ሲዳማ፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ከፋ ብሎ ይጠራል። እዚያም እንደዚሁ ነው። ልጅዎ “የደቡብ ባንድ” ሲልዎ የየት ከተማ እንደሆነ ይጠይቁት። የሳቫና ከሆነ፣ ዜማው ከኒው ኦርሊንሱ እንዴት እንደሚለይ ሁለቱንም በተከታታይ ያሰማዎት፤ በመኪና ስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ፣ ድምፁን ከግማሽ በታች አድርጋችሁ።