መልስ፦ የተከፈተ ሊሌ ለምን ጣዕሙ ይጠፋል?
ሊሌ ብላንን፣ ከምግብ በፊት የሚጠጣውን በብርቱካን የተቀመመ የፈረንሳይ ነጭ ወይን፣ ከፍተህ ወር ሙሉ መደርደሪያ ላይ ካቆየኸው ጣዕሙ መጥፋቱ አይገርምም። አልኮሉ 17% ቢሆንም ወይን እንጂ አረቄ አይደለም፤ አየር ሲያገኘው የብርቱካን መዓዛው ይሞታል። ክዳኑን አጥብቀህ ፍሪጅ ውስጥ አቁመው፣ በሦስት አራት ሳምንት ጨርሰው።

ስታቀርበው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ይቀዝቅዝ። 75 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዳ፣ ትልልቅ በረዶና ስስ የብርቱካን ቁራጭ ጨምርበት፤ ደቃቅ በረዶ ቶሎ ቀልጦ ውሃ ውሃ ያደርገዋል። በቶኒክ ከሆነ አንድ እጅ ሊሌ ለሁለት እጅ ቶኒክ።

ስለ ሌላው የፈረንሳይ መጠጥ፣ ስለ ፒኖ ዴ ሻራንት ለጠየቅከው፦ እሱ ያልተብላላ የወይን ጭማቂ ከኮኛክ ጋር ተቀላቅሎ በርሜል ውስጥ የሚቆይ ነው። በእኔ ምርጫ ለጀማሪ ከሊሌ ይቀላል። ጣፋጭ ስለሆነ ቀዝቅዞ፣ ያለ በረዶ፣ በትንሽ ብርጭቆ፤ ከሜሎን ወይም ከሮክፎር አይብ ጋር።