«መረጃሽ እየተጣራ ነው» ቢሏትስ?

ጥያቄ፦ ልጄ በዲቪ አሜሪካ ከገባች ዓመት አልሞላትም። አብራት ለሄደችው ሕፃን ልጇ የምግብ ድጎማ ብታመለክት «መረጃሽ እየተጣራ ነው» አሏት። ሊመልሷት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።
እናት ነኝ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እናቴ፣ ይረጋጉ፤ ማጣራቱ የአሜሪካ ዜጋ ላልሆነ አመልካች ሁሉ የሚደረግ ነው። ድጎማ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሕፃኗን ስም፣ የትውልድ ቀንና የግሪን ካርድ ቁጥር «ሴቭ» ወደተባለው የፌዴራል የኢሚግሬሽን ማጣሪያ ይልካል። መዝገቡ ከገጠመ መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ ካልገጠመ ሠራተኛ ስለሚመረምረው ይዘገያል። የእኛን ሰው የሚያሰናክለውም ይኸው ነው። የአባት ስም በአንዱ ወረቀት የቤተሰብ ስም፣ በሌላው የመካከለኛ ስም ሆኖ ይገኛል። ዘመኑ ደግሞ ይብሳል፦ በጥር 1990 የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ የ1998 ናት። ወረቀት ጸሐፊዎቻችን ይህን ሲያምታቱ ስንቴ አየሁ! የሕፃኗ የልደት ምስክር ወረቀት እርስዎ ዘንድ ካለ ፎቶውን ለልጅዎ ይላኩላት፤ ከሕፃኗ ግሪን ካርድ ጋር ታመሳክረው። የማጣሪያ ቁጥሯን ጠይቃ ጉዳዩን በኢንተርኔት መከታተል ትችላለች። ማጣራቱ ሳያልቅ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊከለክሏት አይገባም። ለራሷ ቢሆን በአብዛኛው 5 ዓመት ትጠብቃለች፤ ግሪን ካርድ ያላት ከ18 ዓመት በታች ልጅ ግን ለምግብ ድጎማው ይህ ጥበቃ አይመለከታትም።