አንኮበር፦ ደርሶ መልስ ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ ይሆናል ወይ? ከቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ሌላስ ምን አለ?» ላልከው፣ መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ይሆናል። እኔ ግን እደር ነው የምልህ።

ከቤተ መንግሥቱ የተረፈው ጥቂት ግንብ ነው። ቢሆንም ኮረብታው ላይ ወጥተህ ቁም። በስተምሥራቅ መሬቱ ድንገት ቁልቁል ወርዶ እስከ አፋር ቆላ ይዘረጋል፤ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (የነገሡት 1813–1847 እ.ኤ.አ.) ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ያኔ ይገባሃል። ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዚያ ዳገት ነበር የሚወጣው። ከታች ያለችው አልዩ አምባ ጨውና ቡና፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ጭምር የተሸጠባት ገበያ ነበረች። ይህን ሳትጠይቅ እንዳትመለስ።

ለተፈጥሮው ወፍ ዋሻ ደን አለልህ፤ የጽድ ዛፉ፣ ዝግባው፣ ኮሶው። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ ታያለህ። በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ቡናማ ትንሽ ወፍም አለች፤ ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጋቢ ያዝ፤ ጉም ከገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በማለዳ ውጣ።