ሴንትራል ፓርክን ብቻዬን በእግሬ ብሄድ እጠፋ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለረጅም ዘመን ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ኒውዮርክ ያለው ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። እሱ ቀን ቀን ሥራ ስለሚውል ሴንትራል ፓርክን ብቻዬን በእግሬ ላየው አስቤያለሁ። የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ፣ በፈረስ ጋሪ ይዙሩ፤ በእግር ከሆነ ይጠፋሉ» ትለኛለች። እውነቷን ነው? ከየትስ ልጀምር?
ጡረተኛው መምህር

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አይጠፉም። እዚያ ከተማ ስኖር ከሥራ ስወጣ የምተነፍስበት ቦታ ስለነበር በሙሉ ልብ ነው የምነግርዎ። መናፈሻው ከ59ኛው እስከ 110ኛው ጎዳና 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 800 ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቢጠማዘዝብዎ የመብራት ምሰሶዎቹን ይመልከቱ፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያዎቹ አሃዞች በአቅራቢያው ያለውን ጎዳና ይነግራሉ። የመጨረሻው አሃዝ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ምሥራቅ፣ ጎዶሎ ከሆነ ምዕራብ ነዎት። 7210 ካለ፣ በ72ኛው ጎዳና ትይዩ፣ በምሥራቅ በኩል ቆመዋል ማለት ነው።

የእህትዎ ልጅ ለእርስዎ ተጨንቃ ነው፤ ግን ጋሪ ከአስፋልት አይወርድም፣ ደጉ ነገር ደግሞ ከአስፋልቱ ውጪ ነው። በ2 ወይም በ3 ቁጥር የምድር ባቡር 110ኛው ጎዳና ላይ ወርደው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይውረዱ። ብዙው ጎብኚ ከደቡብ ገብቶ መሀል ሳይደርስ ይመለሳል፤ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰሜኑ ጫካ ነው፣ ሸለቆና ፏፏቴ አለው። ኩሬውም ጅረቱም በሰው እጅ የተሠራ ነው። ኦልምስቴድና ቮ የተባሉ ሁለት ነዳፊዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ውድድሩን ያሸነፉበት ንድፍ ነው። መናፈሻውን የሚያቋርጡትን አራት የመኪና መንገዶች ከመሬት ዝቅ አድርገው ስለቀበሯቸው በላያቸው ሲያልፉ እንኳ ላያስተውሏቸው ይችላሉ።

ትልቁን የውኃ ማጠራቀሚያ በምዕራብ በኩል ይዘው ሲወርዱ፣ ከ89ኛው እስከ 82ኛው ጎዳና ባለው ቦታ እባክዎ ይቁሙ። ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር እዚህ ነበር። በ1825 አንድሪው ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ጫማ ጠራጊ ሦስት ቁራጭ መሬት ገዛ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በኋላ ሦስት ቤተ ክርስቲያንና አንድ ትምህርት ቤት ቆመ፣ የአየርላንድ ስደተኞችም ገቡ። በኒውዮርክ አንድ ጥቁር ሰው ለመምረጥ የ250 ዶላር ንብረት ሊኖረው ይገባ ስለነበር ያቺ መሬት የመምረጥ መብትም ነበረች። በ1857 ከተማው ለመናፈሻው ብሎ ነዋሪዎቹን አስነሳ። ዛሬ ሣርና ጽሑፍ የያዙ ሰሌዳዎች ናቸው ያሉት። ያለፈውን ሰው ሁሉ እጁን ይዤ ባስነበብኩት ደስ ይለኛል።

67ኛው ጎዳና አካባቢ፣ በምዕራቡ መንገድ፣ የኒውዮርክ ማራቶን ያበቃል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተስፋዬ ጂፋር በ2001፣ ደራርቱ ቱሉ በ2009 ያሸነፉት እዚሁ ነው። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ 63ኛው ጎዳና አጠገብ ያለው ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ለእርስዎ የተቀመጠ ይመስለኛል። ሺስት የሚባል የድንጋይ ዓይነት ነው፣ ዕድሜው ወደ 450 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በላዩ ላይ የበረዶ ግግር ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲንሸራተት የፋቀው ጭረት በግልጽ ይታያል፤ ለተማሪዎችዎ በጥቁር ሰሌዳ ሲሥሉት የኖሩትን በጣትዎ ይዳስሱታል።

መግቢያው ነፃ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ክፍት ነው። የሰሜኑን ጫካ ግን ሳይመሽ ይጨርሱ። ደቡብ በር ላይ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ይጠሩዎታል፤ ሒሳቡ በደቂቃ ነው፣ ሳይቀመጡ ዋጋውን ይጠይቁ። ቢደክምዎ በ59ኛው ጎዳና ኮሎምበስ ሰርክል ላይ ባቡር ያገኛሉ።