የቆዳ ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች፦ መሣሪያ ስትገዙ ስለቱን እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ገንዘብ አጠራቅማችሁ የቆዳ ሥራ ዕቃ ልትገዙ የተነሣችሁ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ሠላሳና አርባ ዕቃ በአንድ ሣጥን የታጨቀበትን ስብስብ አትግዙ። ዋጋው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሲካፈል ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙው ጀማሪ የማይነካው የጌጥ ማኅተም ነው፤ የቀረውም አብዛኛውን ጊዜ ከለስላሳ ብረት ተሠርቶ ላዩ ብቻ በኒኬል የተለበጠ ስለሆነ ቶሎ ይደንዛል። በዚያው ገንዘብ ስድስት ወይም ሰባት ደህና መሣሪያ ይገዛል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ከዚያ በላይ አያስፈልጋችሁም።

ከመሣሪያው በፊት የምትሠሩበትን ቆዳ እወቁ። የአገራችን የበግ ሌጦ በውጭ ገበያ ለጓንት የሚፈለገው ስስ ሆኖ ሳለ ጠንካራ በመሆኑ ነው። ከሞጆም ሆነ ከሌላ ቦታ ፋብሪካ ወጥቶ መርካቶ የሚደርሰው አብዛኛው ቆዳ ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። በክሮም የለፋ ቆዳ ማኅተም ቢመቱበት ቅርጹን አይዝም፤ ጠርዙን በውኃ አርሰው በእንጨት ቢያሹትም አይጠብቅም፣ አያበራም። ያንን የሚቀበለው በዛፍ ቅርፊትና በመሳሰለው ዕፅዋት የለፋ ቆዳ ነው። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ክሮም ከሆነ ማኅተም፣ የጠርዝ መላጫና የጠርዝ ማሻ እንጨት መግዛት ገንዘብን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቁራጩን በስለት ቆርጣችሁ የውስጡን ቀለም ተመልከቱ። ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ክሮም ነው። ከላይ እስከ ታች ቡናማ መልክ ካለው፣ የውኃ ጠብታም ወዲያው ጠጥቶ ከጠቆረ፣ በዕፅዋት የለፋ ነው። ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር በሚወፍር የክሮም ሌጦ የሚሠራ ሰው ጠርዙን አጥፎ ስለሚሰፋ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የማሳሻ ቢላ፣ ማለትም የቆዳውን ጠርዝ ልጦ የሚያሳሳው ቢላ፣ ነው። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሚወፍር የከብት ቆዳ ቀበቶ የሚሠራው ግን ማሳሻውን የሚፈልገው የዘለበቱ መታጠፊያ ላይ ብቻ ነው፤ ለእርሱ የመብሻው ጥራት ይበልጣል።

ቆዳ ለመቁረጥ ውድ ቢላ አትፈልጉ። ምላጩ እየተሰበረ የሚታደሰው ካተር ይበቃል። ይህ ካተር በ1956 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተፈለሰፈ ሲሆን ከዚያ ሥራ የበቀለው ኦልፋ የተባለው ኩባንያ ዛሬም ጥሩ ምላጭ ያመርታል። ካተር ባለ 9 እና ባለ 18 ሚሊ ሜትር ምላጭ አለ። ባለ 9ኙ ወፈር ያለ ቆዳ ሲያጋጥመው ይታጠፋል፤ ቁርጡም ከላይና ከታች እኩል አይወጣም። ባለ 18ቱን ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ምላጩን ሁለት ክፍል ያህል አውጥታችሁ ቆልፉና ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት፤ ሰገባው ውስጥ ከተንቀጫቀጨ ተዉት። ምላጩ ቆዳውን መጎተት እንደጀመረ አንዱን ክፍል ስበሩ። ምላጭ የሚቆጥብ ሰው ቆዳ ያበላሻል፤ ቆዳው ደግሞ ከምላጩ እጅግ ይወደዳል። በአንድ ጊዜ ተጭኖ ከመቁረጥ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀላል እጅ መመላለስ ይሻላል። ማስመሪያው ብረት ይሁን፤ ከሥሩ ስስ የብርጭቆ ወረቀት ከለጠፋችሁበት አይንሸራተትም።

አሁን ወደ ማሳሻው ቢላ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል አትሰልቹ። ጠርዝ ስታጥፉ ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ስፋት እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ ከግማሽ ውፍረት በታች መድረስ አለበት፤ አለዚያ እጥፉ ያብጣል፣ ስፌቱም ጉብ ብሎ ይታያል። ለዚህ የሚሆነው ቢላ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር፣ የተሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ጀርባው ፍጹም ዝርግ የሆነ ነው። ጀርባውን በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን አቅጣጫ ያዙት፤ በመሐሉ ብርሃን ካለፈ ጎብጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ስለቱን ፊት ለፊት ወደ ብርሃን አዙሩት። የተሳለ ስለት አይታይም፤ የሚያበራ ነጭ መስመር ካያችሁ ደንዟል ወይም ከመጀመሪያውም አልተሳለም። ያ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ በመሳል ይስተካከላል። ብረቱ ራሱ ለስላሳ ከሆነ ግን የሚያድነው የለም። ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ከስለቱ ራቅ ብሎ፣ ትከሻው ላይ፣ በትንሽ ሞረድ ነካ አድርጉት። ሞረዱ ከነከሰ ለስላሳ ነው፤ ጭር እያለ ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

የተዘጋጀ ካጣችሁ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ብዙ ጊዜም ሱቅ ከሚሸጠው የተሻለ ይወጣል። ምናለሽ ተራን የመሰለ የአሮጌ ብረት ገበያ ሄዳችሁ የተሰበረ የማሽን መጋዝ ፈልጉ፤ በእጅ የሚሠራበትን ስሱን አልልም፣ ወፍራሙን ነው። ኤች ኤስ ኤስ (ሃይ ስፒድ ስቲል) የሚል ምልክት ያለበት ጥሩ ነው። ጀርባውን በሞረድ ፈትኑ፤ አንዳንዱ መጋዝ ጥርሱ ብቻ ጠንካራ ሆኖ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ እሱ አይሆንም። ይህ ብረት በግራይንደር ሲሞረድ ቢግልም ጥንካሬውን ቶሎ አይለቅም። ሁለተኛው ምርጫ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከተቀጠቀጠ በኋላ ማግኔት መሳብ እስኪያቆም ድረስ ግሎ በዘይት መነከር፣ ከዚያም ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት፣ ገለባ መሰል ቀለም እስኪይዝ፣ እንደገና መሞቅ አለበት። ሁለተኛውን ማሞቅ የዘለለ ቀጥቃጭ የሚሰጣችሁ ስለት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል። ባሌስትራውን በግራይንደር ስታስተካክሉ በየጥቂት ሰከንዱ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ሰማያዊ ከሆነ ያ ቦታ ለስልሷል፤ ሰማያዊው ሞርዶ እስኪወጣ ድረስ ስለት አይይዝም።

መሳል የማይችል ሰው የትኛውንም ቢላ ቢገዛ የሚሠራው በደነዘ ነው። ስለዚህ የገንዘባችሁን አንድ ክፍል ለመሳያ አስቀምጡ። መሳያ ድንጋይ ውድ ከሆነ ወፍራም መስታወት ላይ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ፤ 400፣ 800፣ 1500 እና 2000 ቁጥር ይበቃል። ወረቀቱን አርሱት። የተሳለውን ጎን ሙሉ በሙሉ አስተኝታችሁ፣ ማዕዘኑን ሳትቀይሩ፣ ወደ ኋላ እየሳባችሁ ሞርዱ። ጀርባውን በጣት ጫፍ ከስለቱ ወደ ውጭ ስትዳስሱት ከዳር እስከ ዳር ሻካራ ጭረት ከተሰማችሁ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ፤ ጭረቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ገና ናችሁ። በመጨረሻው ወረቀት ላይ ጀርባውን ዝርግ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ሳቡ። ከዚያም ጣውላ ላይ በተለጠፈ ቆዳ፣ አረንጓዴውን የብረት ማወልወያ ቀብታችሁ፣ ወደ ኋላ ብቻ እየሳባችሁ በሁለቱም ጎን ሃያ ሃያ ጊዜ አድርጉ። ጀማሪ ሁሉ የሚያጠፋው በመጨረሻው ላይ ነው፤ እጁን ሲያነሣ ቢላውንም አብሮ ያነሣና ስለቱን ያዶለዱመዋል። ቢላው መድረሱን በአውራ ጣታችሁ አትፈትኑ። የፍየል ሌጦ ቁራጭ ላይ ሞክሩት፤ ሳይለጥጥና ሳይሸበሽብ ልጦ ከወጣ ደርሷል። ከዚያ በኋላ በየሩብ ሰዓቱ ሥራ አቁማችሁ ጣውላው ላይ በተለጠፈው ቆዳ መለስ መለስ አድርጉት።

ወስፌ ስትገዙ ምን ዓይነት ስፌት እንደምትሰፉ አስቡ። ጫማ ጠጋኞች የሚይዙት ወስፌ ጫፉ ላይ ክር የሚጎትት ጥርስ አለው፤ ለሶል ጥሩ ነው። በሁለት መርፌ፣ በአንድ ክር ለሚሰፋው ጠንካራ ስፌት ግን ጥርስ የሌለው፣ ጫፉ እንደ ጠፍጣፋ አልማዝ ባለ አራት ማዕዘን የሆነ ወስፌ ያስፈልጋል። ክብ ወስፌ ቆዳውን ገፍቶ ስለሚበሳ ስፌቱ ዘንበል ብሎ አይተኛም። ጥሩ ወስፌ ጎኖቹ ተወልውለዋል፤ ጥፍራችሁ ላይ ስትስቡት አይቧጥጥም። እጀታው መዳፍ የሚሞላ፣ ብረቱም እጀታው ውስጥ የማይዞር ይሁን።

የስፌት ቀዳዳዎችን በአንድ ምት በመስመር የሚበሳው፣ እንደ ሹካ ጥርሶች ያሉት ባለ ጥርስ መብሻ ላይ ርካሹ ከውዱ በግልጽ ይለያል። ርካሹ ጥርሱ ወፍራም፣ ጎኑም ያልተወለወለ ስለሆነ ቆዳው ውስጥ ይነክሳል፤ ሲነቅሉት ሌጦውን ይስባል፣ ቀዳዳውም ይቀደዳል። ለሱቅ የሚሆን ቀላል ፈተና አለ። ወረቀት ላይ ጫን አድርጋችሁ ምልክት ካወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ጥርስ በመጨረሻው ነጥብ ላይ አሳርፉና እንደገና ጫኑ። ነጥቦቹ በአንድ መስመር፣ በእኩል ርቀት ከወጡ ውሰዱት። አንዱ ጥርስ ምልክቱ ፈዞ ከወጣ አጥሯል ማለት ነው። ለቦርሳና ለማንገቻ ባለ 4 ሚሊ ሜትር፣ ለኪስ ቦርሳ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ርቀት ይስማማል። አንዱን ርቀት ምረጡና በእሱ ሁለት መብሻ ግዙ፤ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ጥርሱ ለቀጥታ፣ ባለ 2 ጥርሱ ለመታጠፊያ። በብረት መዶሻ አትምቱት፣ ራሱ ይፈነዳል፤ የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ ይሁን። ከሥሩ የፕላስቲክ መክተፊያ፣ ከመክተፊያው ሥር ደግሞ ከድንጋይ ቆራጮች የሚገኝ የእብነ በረድ ቁራጭ አድርጉ። ድንጋዩ ምቱን ይመልሳል፣ ፕላስቲኩ ጥርሱን ይጠብቃል።

መርፌው ጫፉ ዱልዱም ይሁን፤ ቀዳዳው አስቀድሞ ስለተበሳ ሹል መርፌ ጥቅሙ የቀደመውን ክር መውጋት ብቻ ነው። ክሩ ሰም የተቀባ ፖሊስተር፣ ለ4 ሚሊ ሜትር ርቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። ሻጩ ፖሊስተር ነው ካላችሁ ጫፉን በክብሪት ንኩት፤ ቀልጦ ጠብታ ከሠራ ጥጥ አይደለም፣ አመድ ከሆነ ግን ፖሊስተር አይደለም። ጥጥ በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል።

ለቀበቶ ቀዳዳ ባለ ስድስት አፉ መብሻ ፒንሳ ይገዛል፤ አፎቹ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስስ ወረቀት ብሱበት። ክቡ ሳይቆረጥ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ከቀረ አፉና ማረፊያው አይገጥሙም፤ ይህን መጠገን አይቻልም። ወፍራም ቀበቶ የሚሠራ ግን ፒንሳውን ትቶ በመዶሻ የሚመታውን ባለ 4 ወይም ባለ 5 ሚሊ ሜትር ነጠላ መብሻ ቢይዝ ይሻለዋል። ቀዳዳውን ወደ ውስጥ አሾልቃችሁ እዩ፤ ከአፉ ወደ ላይ እየሰፋ መሄድ አለበት። ካልሰፋ የተቆረጠው ቆዳ ውስጡ ይወተፋል።

ለእጥፍና ለማጣበቅ የጫማ ሰፊ መዶሻ በቂ ነው፤ ፊቱ ሰፊ፣ ትንሽ የጎበጠ፣ ጠርዙ የማይቆርጥ። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ጣት ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠብቁ፤ ከዚያ ገጥማችሁ ቀጥቅጡ። እርጥቡን የገጠመ ሰው ሥራው በማግሥቱ ይላቀቅበታል። መስኮት ክፈቱ እባካችሁ፤ የማስቲሽ ትነት አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል።

የስፌት መኪና ለመግዛት አትቸኩሉ። የቤት መኪና ቆዳ ሲሰፋ መርፌው ይሰበራል፣ ክሩ ይዘላል፤ የቆዳ መኪና ደግሞ ጀማሪ ገና የማይመልሰውን ገንዘብ ይፈልጋል። በእጅ ስፌት መጀመር ምንም አያጎድልባችሁም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያላችሁ ሰው የምታስቸግሩት ለባለ ጥርስ መብሻ፣ ለአልማዙ ወስፌና ለመርፌ ብቻ ይሁን፤ ሌላው እዚሁ ይገኛል ወይም ይሠራል። ከ1826 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የኒው ጀርሲው ሲ ኤስ ኦዝቦርን፣ ከ1823 ጀምሮ ያለው የፓሪሱ ቬርዤ ብላንሻር ስማቸው የተመሰከረ መሣሪያ ሠሪዎች ናቸው። ዕቃውን የሚያመጣው ሰው በእጅ ሻንጣው እንዳይዘው ንገሩት፤ ስለት ስለሆነ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰድበታል።

የገዛችሁትን መሣሪያ በቆዳ ሰገባ ውስጥ አስገብታችሁ ክረምቱን አታሳልፉ። ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ከማልፊያው የቀረው ጨውና አሲድም ብረቱን ያዝጋል፤ ሐምሌና ነሐሴን እንዲያ የከረመ ማሳሻ ስለቱ ተበልቶ ይገኛል። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ወልውላችሁ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡትና በእንጨት ሣጥን ወይም በዘይት በታሸ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ስትመለሱበት ዘይቱን ጠርጉት፤ ቆዳ ላይ የነካ የዘይት ጠብታ አይለቅም።